ምሰሶ የሌለው አዳራሽ

ስርጉት ባሏን ቀብራ፣ የሐዘንተኛው ድንኳን ተነቅሎ ብዙም ሳይቆይ ሥራ ገባች። ጎረቤቶቿ ከንፈር መጠጡ። «ምነው ትንሽ ብትቆይ፣ ሐዘንሽ ሳይወጣልሽ» አሏት። እሷ ግን መቆየት ምን እንደሚፈይድ አልገባትም። ቤት ብትውል የምታየው ግድግዳ ነው፤ ስታዲየሙ ጋ ብትሄድም የምታየው ግድግዳ ነው። የስታዲየሙ ግድግዳ ግን ገና ልስን ይቀረው ስለነበር፣ ቢያንስ የሚሠራለት ነገር ነበረው።

ስታዲየሙ የባሏ የሰራዊት ሥራ ነበር። ሰራዊት ወሎ ተወልዶ፣ በድርቁ ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ከእናቱ ከእማማ የወርቅውሃ ጋር በመንግሥት መኪና ተጭኖ አሶሳ አጠገብ ካለ ሰፈራ ጣቢያ የወረደ ነው። እዚያው አድጎ፣ እዚያው ተምሮ፣ ቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ገብቶ መሐንዲስ ሆነ። ስርጉትን ያገኛት በፋኩልቲው ነው፤ እሷ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነች፣ የሁለቱም ሙያ ስትራክቸር፣ የሕንፃ ሸክም ስሌት ነው። አዲሱ ክልል ገና እግሩን ሲተክልና ባለሙያ ሲያፈላልግ፣ ሰራዊት «ነይ አገሬ እንሂድ» አላት። አገሬ ያለው ወሎን አልነበረም።

ያን ጊዜ የክልሉ ቢሮዎች ግማሾቹ በኪራይ ቤት፣ ግማሾቹ በቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ስብሰባ ሲጠራ ወንበር ከጎረቤት ቢሮ ይታዘላል። በዚህ ሁሉ መሐል ስታዲየም ይሠራ ተባለ። ለኳስ ብቻ አይደለም፤ ሩጫውም፣ የክልሉ በዓልም፣ ሰልፉም፣ ጉባኤውም፣ የተማሪ ምረቃውም እዚያው እንዲሆን ተፈለገ፤ ለየብቻ ለመሥራት አቅም የለም። ሰራዊትም አንዱን ሕንፃ ብዙ አድርጎ ሣለው። የተመልካቹን ጥላ ፎቅ ከፍ አደረገና ወደ ሜዳው ገፋው። ከሥሩ የቀረውን ባዶ ቦታ ሰፊ አዳራሽ አደረገው፤ መረብ ኳስ የሚጫወቱበት፣ ቦክስ የሚለማመዱበት፣ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት። አዳራሹ መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለውም። ረጃጅም የአርማታ አግዳሚዎች፣ ቢሞቹ፣ ከኋላው ግድግዳ ይነሳሉ፣ አዳራሹን በአየር ይሻገራሉ፣ የፊተኛውን ግድግዳ አልፈው እንደተዘረጋ ክንድ ሜዳው ላይ ያንዣብባሉ። ሕዝቡ የሚቀመጥበት የአርማታ ደረጃ ከላያቸው ነው። አርማታውን የያዘው ጣውላ፣ ካሳ ፎርማው የተነሳ ቀን የከተማው ሰው እየመጣ ከሥሩ ገብቶ ወደ ላይ እያንጋጠጠ ወጣ።

የቀረው ጣሪያው ነበር። ሰራዊት የጣሪያውን ብረት ጉዳይ ሊጨርስ አዲስ አበባ ሄደ። ሲመለስ ከመንዲ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ጭቃው መኪናቸውን ጠልፎ ገደል ከተተው። ሾፌሩ ተረፈ።

ስርጉት አላለቀሰችም። በቀብሩ ቀን እማማ የወርቅውሃ ደረታቸውን ሲደቁ፣ ዘመድ አዝማድ ሙሾ ሲያወርድ፣ እሷ ቆማ የመቃብሩን አፈር ታይ ነበር። ቀይ ነው፤ እርጥብ ነው፤ ብዙ ሸክም አይችልም ብላ አሰበች። ሰው ክንዱ ላይ ተኝቶ ሲነሳ ክንዱ የራሱ አልመስል እንደሚለው፣ እሷም ሁለመናዋ የራሷ አልመስል አላት። ደም ይመለሳል፣ ይነዝራል፣ ከዚያ ይሻላል ብላ ጠበቀች። አልመለሰም። ሰኔና ሐምሌ እንደዚያው አለፉ። ቢሮው የባሏን ሥራ ለእሷ ሰጣት፤ ከእሷ በቀር የሚያውቀው አልነበረም። ጣሪያውን አሰቀለች፣ መወጣጫዎቹን አስጨረሰች፣ ማታ ቤቷ ገብታ ጎረቤቶቿ የሰጧትን በላች፣ ተኛች።

መስከረም አልቆ ዝናቡ ሲላላ፣ ለክልሉ በዓል ልምምድ ተጀመረ። በዓሉ ኅዳር መግቢያ ላይ ነው፤ ከሌሎች ክልሎች እንግዶች ይመጣሉ፤ ስታዲየሙም የሚመረቀው ያን ዕለት ነው። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ጀዕፈር ነበሩ። የቢሮው ኃላፊም እሳቸው ናቸው። የሆሞሻ ሰው ናቸው፤ ሹመት ሳያገኙ በፊት ብዙ ዓመት አስተምረዋል። ሰራዊትን እንደ ታናሽ ወንድም ነበር የሚያዩት።

የልምምዱ ቀን ሜዳው አዲስ ሣር የተተከለበትና ጭቃ ስለነበር፣ አቶ ጀዕፈር ጨፋሪዎቹ ጥላ ፎቁ ላይ እንዲለማመዱ አዘዙ። የዙምባራ ጓዱን ይዞ የመጣው አልአሚን የሚባል ጎልማሳ ነው። ሰዎቹ ረጃጅሙን የቅል መለከታቸውን ታቅፈው ደረጃውን ወጡ፤ ሴቶቹ ከኋላ ተከተሉ። ስርጉት ጫፍ ላይ፣ ወደ ሜዳው በወጣው ክፍል፣ ሻይ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አንዱ መለከት ጀመረ፣ ሌላው መለሰለት፣ ሌላው ገባ፤ እያንዳንዱ አንዲት ድምፅ ብቻ አለው፣ ሁሉም ተጋግዘው ነው ዜማ የሚሆኑት። እግሮቹ ተከተሉ። ሁሉም ባንድ ላይ ያነሳሉ፣ ባንድ ላይ ያወርዳሉ።

የስርጉት ሻይ ብርጭቆው ውስጥ ቀለበት ሠራ። ከዚያ ቀለበቱ ከዳር ዳር ይላጋ ጀመር። ከዚያ ገንፍሎ ጣቷ ላይ ፈሰሰ። ትኩስ ነው። እጇን አላነሳችም። ከሥሯ ያለው አርማታ ወደ ላይ ሲመጣና ወደ ታች ሲሄድ በመቀመጫዋ ታወቃት። ምን እንደሆነም ታውቃለች፤ ለዚህ ነው የተማረችው። ፎቁ ቢወድቅ ከየት ወዴት እንደሚወድቅ ሳይቀር ታያት። ነገር ግን ልቧ ቦታው ላይ ነበር፤ አንዲት ምት እንኳ አልዘለለም።

አልአሚን እጁን አንስቶ ጓዱን አቆመ። መለከቶቹ አንድ ባንድ ዝም አሉ።

«ወላሂ፣ ይሄ ፎቅ እኛ ጋር ትጨፍራለች!» አለና ሳቀ።

ሁሉም ሳቀ። አቶ ጀዕፈርም ከታች ሆነው ሳቁ። ስርጉት የቀላውን ጣቷን አየችው፤ የሌላ ሰው ጣት መሰላት። ተነስታ፣ «አሁን ውረዱ፤ ነገ ተመልሳችሁ ኑልኝ» አለቻቸው።

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ፣ ከጣሪያው መሐል ለመሐል፣ በጠንካራ ሲባጎ የግንበኛ ቱምቢ፣ ሹል ብረት፣ አንጠለጠለች። ከሥሩ እርጥብ አሸዋ የሞላ ሰፌድ አስቀመጠች፤ የቱምቢው ሹል ጫፍ አሸዋውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። አልአሚንን «ጀምሩ» አለችው። ከላይ ጭፈራው ተጀመረ። መጀመሪያ ቱምቢው አሸዋውን ሳም አደረገው። ትንሽ ቆይቶ ይወጋው ጀመር። ከዚያ ጥርስ እንዳለው ነከሰው። «ይበቃል!» ብላ ጮኸች። ጎንበስ ብላ ጉድጓዱን በጣቷ ለካች። ይህ እንግዲህ አንድ ጓድ ብቻ ሲጨፍር ነው፤ በበዓሉ ቀን ጥላ ፎቁ ጢም ብሎ ይሞላል።

ስሌቱን ስትሠራ ዋለችና ወደ አቶ ጀዕፈር ቢሮ ገባች።

«ሰው ሞልቶበት ቢቀመጥ ይችላል ወይስ አይችልም?» አሏት።

«ቢቀመጥ ንቅንቅ አይልም። ሰራዊት ክብደቱን አሳምሮ ነው ያሰበው። ችግሩ ክብደት አይደለም፤ ምቱ ነው። ቢሞቹ ረጃጅም ናቸው፤ መሐላቸውን የሚደግፍ የለም። ስለዚህ አንዴ ከተነኩ በዝግታ ነው ከፍ ዝቅ የሚሉት። ያ ዝግታ ከዙምባራው እግር ጋር ገጠመ። አንዱ ምት ሳይበርድ ሌላው እየተጨመረበት ይሄዳል።»



«ልጆች ሆነን» አሉ አቶ ጀዕፈር፣ «ወንዛችን ላይ የቀርከሃ ድልድይ ነበር። እየተራመድን ስንሻገር ምንም አይለንም። ተያይዘን ስንዘል ነው የጣለን።»

«እሱ ነው።»

«ጭፈራውን ብንከለክልስ?» አሉና መልሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ተይው። በዚህ አገር ዙምባራ እየተነፋ ሕዝቡን ቁጭ በል የሚል ባለሥልጣን ገና አልተሾመም።»

«ኳስ ሲገባም ይዘላሉ። ዘንድሮ ብቻ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ከቢሞቹ ሥር፣ መሐሉ ላይ ምሰሶ እናቁም፣ ኮለን። አራት ይበቃል። እንደ አሁኑ አይወዛወዝም፤ ድርቅ ብሎ ይቆማል።»

«አዳራሹስ?»

«አራት ኮለን ያለበት አዳራሽ ይሆናል።»

አቶ ጀዕፈር መነጽራቸውን አወለቁ። «ስርጉት፣ እኅቴ፣ ለስንቱ እንግዳ ነው ስለዚህ አዳራሽ የነገርኩት። ስሙን ግድግዳው ላይ ልናጽፍለት ድንጋዩ ታዝዟል። ሰው እኮ ሟቹ ተሳሳተ ይላል።»

«ይበል» አለች።

ብዙ አዩዋት። ከፊቷ ላይ አንድ ነገር የፈለጉ ይመስሉ ነበር፤ ሳያገኙት ቀሩ። ብዕራቸውን አንስተው ፈቀዱላት።

ፎርማኑ ዲሳሳ ግን አልፈቀደም። ዲሳሳ የባምባሲ ሰው ነው፤ መሠረቱ ከተቆፈረበት ቀን ጀምሮ ከሰራዊት ጋር ነበር። ስርጉት አዳራሹ ወለል ላይ የሚቆፈረውን ቦታ በኖራ ስታሰምር እጁን አጣጥፎ አያት።

«እኔ ይሄን አልቆፍርም፣ ኢንጂነር» አላት። «እሱ እዚህ መሐል ቆሞ እጁን ዘርግቶ ሲዞር አይቼዋለሁ። ‹ዲሳሳ፣ የሚነካኝ የለም› ያለኝ እዚህ ነው። ሌላ ሰው ይቆፍረው።»

«እሺ፤ ሌላ ሰው ይቆፍራል» አለችው። አልተቆጣችም፣ አልለመነችውም። ያ ይበልጥ አስከፋው። በበነጋው የሥራ መኪና ወደ ሰፈራው ሲሄድ ተሳፍሮ፣ ለእማማ የወርቅውሃ ነገራቸው።

ስርጉት በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ ስትደርስ፣ ቆፋሪዎቹ አካፋና ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እማማ የወርቅውሃ ጥቁር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በኖራ ከተሰመሩት አራት ቦታዎች አንዱ ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እማማ፣ መቼ መጡ?» አለች ስርጉት።

«ተይኝ። እኔን ቆፍረሽ አውጪኝና ትተክይዋለሽ።»

ቆፋሪዎቹ ቀስ እያሉ ወደ ውጭ ወጡ። ዲሳሳ በር ላይ ቀረ።

«እንዲያው ምን በደለሽ ልጄ?» አሉ እማማ የወርቅውሃ። ድምፃቸው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተመልሶ መጣ። «እዚህ አገር የጣሉን ጊዜ፣ ቤት ሳይሠራልን፣ በእህል መጋዘን ነው ያሳደሩን። መሐሉ ሁሉ እንጨት ነው። ክረምት ልጆቹ መውጫ ሲያጡ እዚያው የጨርቅ ኳስ ይራገጣሉ። አንድ ቀን ሮጦ ግንባሩን ከእንጨቱ አጋጨው። ቅንድቡ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቂው የለ? ያ ነው። ደሙን በመቀነቴ አፍኜ ይዤ፣ ‹እናቴ፣ ሳድግ እንጨት የሌለው ቤት እሠራለሁ› አለኝ። ሠራው። አንቺ ደግሞ ሞተልኝ ብለሽ እንጨቱን መልሰሽ ልትተክይበት!»

ስርጉት ይህን አልሰማችም ነበር። ሰራዊት ስለ ጠባሳው ስትጠይቀው «ልጅነት» ይል ነበር እንጂ አልነገራትም። አሁን የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ጠበቀች። የሚገባት ሁሉ ገብቷታል፤ የሚሰማት ግን የለም። 

«አንዲት ዘለላ እንባ አላየሁብሽም» አሉ እማማ የወርቅውሃ። «ሰው ሁሉ ያማሻል። እኔ ነኝ ‹ተዉአት፣ የውስጧን ማን ያውቃል› የምል። አሁን አወቅሁት።»

«እማማ» አለች ስርጉት፣ «ላይ እንውጣ።»

«ምን ልሠራ?»

«ይዩት። አይተው እምቢ ካሉኝ አልቆፍርም።»

ይህን ስትል እውነቷን ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። አሮጊቷ ግን ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ስርጉት አልአሚን ጥቂት ሰዎቹን ይዞ እንዲመጣ ላከችበት፤ ሁሉንም ሳይሆን ጥቂት ብቻ። እስኪመጡ ድረስ ሁለቱ ሴቶች ጥላ ፎቁ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ከከተማው ባሻገር ያለውን የእንዚን ተራራ ሲያዩ ቆዩ።

አልአሚን መጣ። እማማ የወርቅውሃን ባየ ጊዜ ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለ። «እማማ፣ ሰላም ናት? ልጅሽ ጓደኛ ነበር። አላህ ይርሐሞ» አላቸው።

«አሜን፣ አብሽር ልጄ» አሉት።

«መዳፍዎን እዚህ ያሳርፉ» አለች ስርጉት። አሮጊቷ ሁለት እጃቸውን አርማታው ላይ ዘረጉ። መለከቱ ተነፋ። እግሮቹ ወደቁ፣ ተነሱ፣ ወደቁ። ለጊዜው ምንም የለም። ከዚያ እማማ የወርቅውሃ ቀና አሉ። እጃቸውን አነሱ፤ መልሰው አሳረፉ። አርማታው ከመዳፋቸው ሥር ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ደግሞ ትንሽ ጨምሮ ይመጣል። ፊታቸው ተለወጠ።

«ይቁሙ!» አሉ። «በእመብርሃን፣ ይቁሙ በያቸው!»

አልአሚን አቆመ። ጭፈራው ቆሞም አርማታው ወዲያው አላረፈም፤ ጥቂት ተንፍሶ ነው የቆመ።

«አላወቀም ማለት ነው?» አሉ ቀስ ብለው። «ልጄ ይሄን ሳያውቅ ነው የሠራው?»

«እሱ የሚያውቀው መሬት ላይ ሲጨፈር ነው፣ እማማ። ልጅ ሆኖ ያየውም፣ አብሯቸው የጨፈረውም መሬት ላይ ነው። መሬት ሁሉን ይችላል። ዙምባራ ፎቅ ይወጣል ብሎ አላሰበም። እኔም አላሰብኩም፤ ሥራውን አብሬው ነበር የማየው።»

እማማ የወርቅውሃ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። «ቢኖርስ? ቢኖር ምን ያደርግ ነበር?»

ስርጉት አሰበች። «ሁለት ቀን ያኮርፋል። ራቱን አይበላም። ከዚያ ይቆፍራል።»

አሮጊቷ ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ልቅሶ ሆነ፤ ትከሻቸው ተርገፈገፈ። «ያኮርፋል… አዎ፣ ያኮርፋል፣ አባቱን መስሎ…» ስርጉት እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። ማድረግ እንዳለባት ስለምታውቅ ነው ያደረገችው።

«አንቺስ?» አሏት አይናቸውን እየጠረጉ። «አንቺ መች ነው የምታለቅሽው?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

እማማ የወርቅውሃ ብዙ አዩዋት፤ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ፤ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ የነበረውን ዲሳሳን ሲያልፉ፣ «ቆፍር» አሉት። ስርጉትንም ሳይሰናበቱ የሰፈራውን መኪና ተሳፍረው ሄዱ።

ዲሳሳ ያን ቀን ራሱ ዶማ ያዘ። ቀዩን አፈር አልፈው ጠጠር ያለው ጠንካራ መሬት እስኪያገኙ ቆፈሩ። የአርማታው ብረት፣ ፌሮው፣ ታሰረ፣ አርማታ ተሞላ፤ ኮለኖቹ ወደ ላይ ወጥተው ከቢሞቹ በታች ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ሲቀራቸው ቆሙ። ስርጉት ለማንም ያልተወችው ይህን ክፍተት ነው። ኮለን ከቢሙ ጋር ካልተገናኘ፣ ለዓይን ቆመ እንጂ አንዳችም አይሸከምም። የእንጨት መቆሚያው፣ ፖንቴው ላይ ወጥታ፣ ውኃ ያልበዛበት ሲሚንቶና አሸዋ እየተቀበለች፣ በጣውላና በመዶሻ እየወቃች ጠቀጠቀችው። መዳፏ ተላጠ። ዲሳሳ ከሥር ሆኖ «ውረጂ፣ እኔ ልምታው» ቢላት አልሰማችውም። አራተኛውን ጨርሳ ስትወርድ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ዲሳሳ ውኃ በጣሳ አመጣላት፤ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ያስቀይመኝ የነበረው ሌላ ነገር ነው» አላት። «አንቺ ዝም ስትይ፣ እሱ ያልነበረ መሰለኝ።»

ስርጉት ውኃውን ጠጣች። ጣሳውን መልሳ ሰጠችው።

አርማታው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ውኃ እየጠጣ ሰነበተ። በበዓሉ ዋዜማ አልአሚን ጓዱን በሙሉ ይዞ መጣ፤ አቶ ጀዕፈር ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አስመጡላቸውና ጥላ ፎቁ ሞላ። መጀመሪያ በልኩ እንጂ እንዳሻቸው እንዳይዘሉ ስርጉት አስጠነቀቀቻቸው፤ ቀስ በቀስ ነው የለቀቀቻቸው። የቱምቢው ጫፍ አሸዋውን ነካ፣ ነካ አደረገው፤ አልወጋውም። እስከ መጨረሻው ቢጨፍሩም አልወጋውም። አልአሚን ወርዶ፣ «አሁን ፎቁ ሽማግሌ ሆነ፤ አትጨፍርም፤ ኸላስ» አላት።

የበዓሉ ቀን ፀሐዩ ከጠዋት ጀምሮ ያቃጥል ነበር። ከመተከል፣ ከከማሺ፣ ከየወረዳው ሰው በጭነት መኪና መጣ፤ እንግዶቹም መጡ። አቶ ጀዕፈር በንግግራቸው የሰራዊትን ስም ሲጠሩ እልልታው አስተጋባ። ስርጉትን የክብር ቦታ ላይ ሊያስቀምጧት ፈልገው ነበር፤ እሷ ግን አዳራሹ ውስጥ መሆን መረጠች። ቀዝቃዛና ጭር ያለ ነበር። ኮለኖቹ ገና ኖራ ስላልተቀቡ ግራጫ ናቸው። ዙምባራው ተነፋ። ከላይ ለትንሽ ጊዜ የጓዱ እግር ብቻ ተሰማ፤ ቀጥሎ ሕዝቡ ተነሳ። ነጎድጓድ ሆነ። ከጣሪያው የልስን ብናኝ ወርዶ ፀጉሯ ላይ አረፈ። ኮለኑን በመዳፏ ያዘችው፤ ይነዝራል እንጂ አይሄድም፣ አይመጣም። ቢሞቹን አንድ ባንድ እያየች ከዳር ዳር ተመላለሰች። ስንጥቅ የለም።

አሁን እፎይ እላለሁ ብላ ጠበቀች። የመጣው ድካም ነው።

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ከረባት ያሠረ ሰው፣ መጸዳጃ ፍለጋ አዳራሹ ገብቶ ዙሪያውን አየ። «እንዴት ያለ አዳራሽ ነው!» አላት። «ምን ያደርጋል፣ እነዚህ ምሰሶዎች አበላሹት።»

«አዎ» አለችው፤ መጸዳጃውን አሳየችው።

ሕዝቡ ሲበተን እማማ የወርቅውሃ ገቡ። ላይ፣ ከሰፈራው ሰዎች ጋር ተቀምጠው ነው የዋሉት። አራቱንም ኮለን እየዞሩ አዩ። አጠገቧ መጥተው ፀጉሯ ላይ ያለውን ብናኝ በእጃቸው አራገፉላት።

«ሁሉም ሲነሱ እኔ ተቀምጬ ቀረሁ» አሉ። «እጄን አርማታው ላይ አድርጌ ጠበቅሁት። ጸጥ ብሏል። ከዚያ ተነሳሁ። እንግዲህ በኔ እድሜ አይጨፈርም፣ ቆምኩ ብቻ።»



«ማሽላዬን ወፍ ሊጨርሰው ነው» አሉ እማማ የወርቅውሃ። «እሁድ እሁድ እሱ ነበር የሚመጣልኝ። መሐንዲስ ከሆነም በኋላ አልተወኝም። ዘንድሮ ብቻዬን አቃተኝ። የዛሬ ሳምንት ነይ።»

«እመጣለሁ» አለች ስርጉት።

መጣችም። ማሽላው ከቁመቷ በላይ ነበር፤ ራሱ ጎንብሶ ቀልቷል። እማማ የወርቅውሃ ከማሳው መሐል ካለው ማማ ላይ አስወጧት፤ ወንጭፍና የጭቃ ድቡልቡል ሰጧት፤ እሳቸው ከዳር ሆነው ቆርቆሮ ይደበድባሉ። ወፎቹ እንደ ደመና መጥተው ወረዱ። ስርጉት ወንጭፉን ወዘወዘችው፤ ድቡልቡሉ እግሯ ሥር ወደቀ።

«ጩሂባቸው!» አሏት ከታች።

«ሂዱ!» አለች። ከጉሮሮዋ አላለፈም።

«ኧረ እንዲያ ቢሏት ወፏስ መች ትሰማለች! ጩሂ!»

ስርጉት አየር ስባ ጮኸች። መንጋው ብድግ አለ። ደግማ ጮኸች፤ ቃል የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ወፎቹ ዞረው ወደ ሌላው ጥግ ወረዱ፤ ወደዚያም ጮኸች። ጉሮሮዋ ሲላጥ ታወቃት፣ ላቧ ዓይኗ ውስጥ ሲገባ ታወቃት፤ ተላጦ የነበረው መዳፏ በወንጭፉ ገመድ ሲቃጠልም ታወቃት። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ አላረፈችም። ሲበቃቸው እማማ የወርቅውሃ የተጠበሰ የማሽላ እሸት በቅጠል ይዘው መጡ፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሉ። አሮጊቷ የስርጉት ድምፅ ተዘግቶ ሲሰሙ ውኃ ቀዱላት።

ገና ሳይጨርሱ መንጋው ተመልሶ መጣ። እማማ የወርቅውሃ ቀድመው ተነሱ፤ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩ።

«ወዲያ! ከወንዙ ወዲህ ባለው ጥግ ወረዱልሽ!»

ስርጉት እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወንጭፉን አነሳችና ወደዚያ ሮጠች።